ወደ ውስጥ የሚባል «አዎ»

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። እናትየዋ ራሷ ፈሪ ስትሆን ምን እንደሚባል ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። እኔ ፈሪ ነኝ። ሃይዌይ ላይ ትልቅ መኪና አጠገቤ ሲደርስ መሪውን አንቄ እይዛለሁ። ከማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ጌታም አንዳንዴ ይቀልዳል መሰለኝ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ኳስ ተጫዋች ልጅ ሰጣት።

ልጄ መሀል ሜዳ ላይ ነው የምትጫወተው። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ለልምምድ ከምንኖርበት ከሬይኖልድስበርግ እዚሁ ኦሃዮ ያለው ደብሊን ድረስ አመላልሻታለሁ። ጨዋታ ሲኖራት አባቷ መስመሩ ዳር ቆሞ ይጮሃል። እኔ ደግሞ ታጣፊ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኳሱ እሷ ጋ ሲደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ባለፈው ዓመት አንዴ ብቻ ሳልጨፍን ቀርቼ ጉልበቷ ሲጠማዘዝ አየሁ። ማንም ሳይነካት ነው የወደቀችው። ጅማቷ ተበጥሶ ኖሮ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ወራት ፈጅቶባት ወደ ሜዳ ተመለሰች። እኔ ግን አልተመለስኩም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ እስከ ዛሬ ደረጃ ስትወርድ እንኳ የማየው እግሯን ነው።

በዚህ ዓመት ሁለት ኮሌጆች ለኳሷ ብለው ፈለጓት። አንደኛው ትልቅ ነው፣ ከኦሃዮ ውጭ ያለ፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን የሚታይ። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ከኮሎምበስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። እዚያ ልምምዱ በጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላው ለትምህርት ነፃ ነው። ይህ ደግሞ ለልጄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ኦፕራሲዮን በሆነች ቀን እጇን ይዛ ያረጋጋቻት ነርስ ናት ይህን ያሳደረችባት።

አባቷ ምርጫ መኖሩም አልታየው። «ዲቪዥን ዋን እኮ ነው! ሰው ትልቁ ሊግ ጠርቶት የሰፈር ቡድን ይገባል?» ይላል። እሷ ሁለቱንም ትልቁ ኮሌጅ ውስጥ እንደምታገኝ እርግጠኛ ነበረች፤ ኳሱንም ነርሲንጉንም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አልኳት። «ማም፣ ዋት ትሪ?» አለችኝ። ተረቴን ተውኩትና ወደ ጸሎቴ ሄድኩ። ሁለቱንም ኮሌጆች እኩል ነበር ያቀረብኳቸው፤ ለትንሹ ስጸልይ ግን ድምፄ ከፍ ይል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዴ መናገር አለብኝ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? እኔ ይህን አበዛለሁ። ወሬ ስሰማ፣ ስስማማ፣ «ቀጥሉ» ለማለትም ቢሆን ሳብ ነው። አሜሪካኖች ግን እንደዚህ የሚተነፍሱት ሲደነግጡ ብቻ ነው። ዌስተርቪል በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አንዲት አሮጊት ስለ ድመታቸው ሲያጫውቱኝ ሳብ ባደርግ፣ ታነቀች ብለው የአደጋ ጥሪውን ተጭነውብኛል። ልጄም ጓደኞቿ ፊት እንዳላደርገው ስንቴ ለምናኛለች!

የትልቁ ኮሌጅ አሰልጣኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ኮል አደረገችልን። መልሳችንን እስከ ዓርብ ትፈልግ ነበር። ሦስታችንም ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። «ማም፣ ፕሊስ፣ ዝም ብለሽ ስሚ፣ ኦኬ?» አለችኝ ልጄ። እኔም አንዲት ቃል ተናግሬ እንዳላበላሽባት ፈርቼ አፌን ዘጋሁ።

አሰልጣኟ ፈገግታዋ ደስ የሚል ሴት ናት። ስለ ስታዲየሙ፣ ስለ ጉዞው፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚዋደዱ አወራችልን። ከዚያ፣ «ነርሲንግ ማጥናት እንደምትፈልግም አውቃለሁ፤ ትምህርት ክፍላችን በጣም ጥሩ ነው» አለች።

እየሰማሁ ነው ለማለት ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

ሴትየዋ ቆም አለች። ፈገግታዋ ቀረ።

«ስጋታችሁ ይገባኛል» አለች። «እውነቱን ልንገራችሁ። የነርሲንግ ተማሪዎች ሆስፒታል የሚሠሩበት ሰዓትና የእኛ ልምምድ ይጋጫል። ነርሲንግ ብለው ከመጡት ልጆቼ አብዛኞቹ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ትምህርት መርጠዋል።»

ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ የነበረው አባቷ ቀና አለ። እኔ ግን ያልጠየቅኳትን ለምን እንደምትመልስልኝ አልገባኝም። ሰው ልቡን ከፍቶ ሲናገር ደግሞ ማበረታታት ወግ ነው። እንደገና ሳብኩ።

«የጉልበቷንም ነገር ከሐኪማችን ጋር ተነጋግረንበታል» አለች ቶሎ ብላ። «ድጋሚ ቢጎዳ ቦታዋን እጠብቅላታለሁ ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም። እባካችሁ አትደንግጡ።»

አትደንግጡ ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። እንደ ድንጋጤ ነው የቆጠረችብኝ! ልጄ «አዎ ማለቷ ነው» ብላ እንድታስረዳልኝ ዞር ብዬ አየኋት፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ታስረዳልኛለች። በዚያን ቀን ግን አላስረዳችልኝም። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ሆኖ ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ አባቷ እኔ ላይ ዞረ። «አስደነገጥሻት እኮ!»

«ምን አልኳት? አንድ ቃል ወጣኝ?»

«አንቺና ትንፋሽሽ!» አለና ወንበሩን ገፋ አድርጎ፣ «ያለችው ግን እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ልጄ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ወዲያ የያዘኝ ፍርሃት እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። በፊት ለጉልበቷ ነበር የምፈራው። አሁን ራሴን ፈራሁ። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አጥፍቼባት ቢሆንስ? ሥራ ላይ የሰው ካልሲ እያለበስኩ እሱን አስባለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን «አሜን» ሲባል እሱን አስባለሁ። ለአሰልጣኟ ጽፌ «ያ እኮ አዎ ነው» ልላት ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አጠፋሁት። ምክንያቱም ውሸት ነበር። ትንፋሹ አዎ ይሁን እንጂ፣ ውስጡ የነበረው ፍርሃት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሐሙስ ከልምምድ ልወስዳት ደብሊን ሄድኩ። መኪና ውስጥ ገብታ የኳስ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አይ ቶልድ ኸር ኖ» አለችኝ። ለትልቁ ማለቷ ነው።

የጸለይኩት ተመልሶልኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። ቁልፉን ይዤ ቀረሁ። «በእኔ የተነሳ ነው?» አልኳት። «እኔ ስለምፈራ ነው የተውሽው?»

«ኖ፣ ማም።»

ሜዳውን እያየች በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። ከወደቀች ወዲህ ኳሱ እግሯ ሥር ሲገባ ጅማቷ ሲበጠስ ያወጣው ድምፅ ይሰማታል። ትንሹ ኮሌጅ መጫወቷን ትቀጥላለች፤ አንድ ቀን ጉልበቷ እምቢ ቢላት ግን እዚያ ነርስ ሆና ትወጣለች። ለማንም ያልተናገረችው እኔ እንዳልፈራባት ብላ ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቤታችን ውስጥ ፈሪዋ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ሁልጊዜ እየፈራሽ ነው የምትጫወቺው?» አልኳት በአማርኛ።

የምትመልስልኝ አልመሰለኝም። ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል፣ ከንፈሯን በትንሹ ከፍታ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።