የእኅቴ አሥራ አንድ ካርዶች

ታላቅ እኅቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ በቀኝ በኩል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር የሚቆመው። ደንበኞቿ ከቦታ ጥበት ይመስላቸው ነበር፤ እውነቱ ግን ማንም በቀኟ እንዳይቀመጥ ነው። ያ ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ይመግላል፤ መስማቱንም ቀስ በቀስ ትቶ ነበር። ጥጥ ትወትፍበትና «ለሐሜት ግራውን፣ ለምክር ቀኙን ነው የማውሰው» ትላለች።

እኔ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለዚህም ሥራ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። ጆሮዋ ሲብስባት በጓሮ በር ትመጣለች።

«እትዬ፣ ካርድሽን ይዘሻል?»

«ጥሎብኝ ካርድ አይበረክትልኝም።»

«ቁጥሩንስ?»

«እንኳን የካርድ ቁጥር ዕድሜዬንም አላውቅ። አንቺ የተማርሽው ለምንድን ነው ታዲያ?»

የድሮ ካርድ ከመደርደሪያ መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አዲስ ማውጣት አምስት ደቂቃ። ሥራ ጥላ ነው የመጣችው። ስለዚህ አዲስ አወጣሁላት። ለሌላ ሰው የማላደርገውን ለእሷ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አደረግሁት። ሐኪሞች ሲጠይቋትም፣ ቶሎ ለመመለስ ስትል፣ «ከሰሞኑ ነው የጀመረኝ» ትላቸዋለች። የሳምንት ጠብታ ይታዘዝላታል፤ ጆሮው ይደርቃል፤ ትረሳዋለች።

ባለፈው ዓመት ራስ ምታትና ማዞር ተጨመረባት። አዲሷ የጆሮ ሐኪም አየቻትና እኔን አስጠራችኝ።

«ይህ የሰሞኑ ጆሮ አይደለም። የቀድሞ ካርዶቿን አምጪልኝ።»

ሦስት ቀን ፈልጌ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ አነበበች። በሁሉም ላይ ያለውን ፊርማዬን አየች። ወረቀት ስባ እየሣለች ለእኅቴ አስረዳቻት።

«ከአፍንጫ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ጆሮ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለ። ስንውጥና ስናዛጋ እየተከፈተ አየር ያስገባል። በሕፃንነት አጭርና አግድም ስለሆነ ጉንፋን በቀላሉ ይዘልቅበታል። ብዙ ሰው ሲያድግ ይሻለዋል፤ የእርስዎ ግን በደንብ ሳይከፈት ኖሯል። አየር ሲያጥር ታምቡሩ ወደ ውስጥ ተሳበና ኪስ ሠራ። ኪሱ ውስጥ ቆዳ ተጠራቀመ፤ እሱ ነው አጥንቱን የበላው። አሁን አንጎል አጠገብ ደርሷል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ኪስ ስሰፋ ለካ ለራሴም ሰፍቻለሁ» አለች እኅቴ።

«ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ?» አልኩ።

ሐኪሟ ካርዶቹን ነካ አደረገቻቸው። «አምስቱን እንኳ አንድ ላይ ያየ ሐኪም ቢኖር፣ አጥንቱ ሳይጎዳ ኦፕራሲዮን ትሆን ነበር።»

ኦፕራሲዮን ልትገባ ስትል በግራዋ ተቀምጬ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ካርዱን ያባዛሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ባትኖሪማ ወረፋውን ፈርቼ ጭራሽ አልመጣም ነበር።»

«ለእኔ ብለሽ ነው እንዲህ የምትይው።»

«አቤት የኔ ሊቅ! የሰው ቃል ከመጻፍሽ በፊት ሁሌ እንዲህ ነው የምትመረምሪው?»

መግሉ ቀድሞ የአንጎሏ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በዘጠነኛው ቀን አረፈች።

ካርዶቹን በአንድ ቁጥር ሥር አዋሐድኳቸው። የማዋሐጃው ቅጽ ሕክምናው የዘገየበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ የለውም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት፤ ስሜንም ጨምሬ። «አንቺ ባትኖሪማ አልመጣም ነበር» ያለችኝን ግን አልጻፍኩም። እውነት ይሁን አይሁን የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም።