ጥግ ያለው ኮምፒውተር

ፒያሳ ያለ አንድ የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ኮምፒውተሮቹ ተንቀራፈውበት ጠራኝ። ችግሩ ቀላል ነበር፤ ብሮውዘሮቹ ከተከፈተው ገጽ ሁሉ እየቀዱ ያስቀመጡት ካሽ ዲስኩን ሞልቶታል። ተራ በተራ ሳጸዳ፣ «ጥግ ያለውን ግን እንዳትነካው» አለኝ።  ነገሩ ከነከነኝ።

ወዲያው ጎረቤቱ እትዬ ዘይነብ ገብተው ጥጉ ጋ ተቀመጡ። ባለቤቱ ካርቱም የሚሠራ ወንድ ልጃቸውን የፌስቡክ ገጽ ከፈተላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይኸው እየሳቀ የተነሳው ፎቶ ብቻ! አዲስ ፎቶ አያወጣም እንዴ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ የኔትወርኩ ገመድ ተነቅሏል። ለካ የሚያዩት ካሽ ውስጥ የቀረ የድሮ ቅጂ ነው! እኚህን እናት ማታለል ምን ይባላል? ደሜ ፈላ።

«ቆይ፣ አሁን አስተካክልልዎታለሁ» ብዬ ገመዱን ልሰካ ስል፣ ባለቤቱ እጄን ይዞ ደጅ አወጣኝ።

«ሴት ልጃቸው ዛሬ ማታ ከሳንጃ ከተማ ትገባለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ ጠዋት የሰፈሩ ሽማግሌዎች እሷ ባለችበት መርዶውን ይነግሯቸዋል። እስከዚያ ልጃቸው ይሳቅላቸው።»