ተራ አስከባሪዋና ጥቁሩ ሳጥን

የልጅ ልጄ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ የጽሕፈት ሱቅ አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ኮፒ ታነሳለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ተራ አስከብራለሁ። ማንም አልሾመኝም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ለማወቅ ግን ከዚያ በላይ መማር አያስፈልግም። መኪናዬ ቆሞብኛል የሚል ነጋዴ ቢመጣም ከገበሬው ኋላ ይቆማል።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን አንድ ጠዋት ከሽንፋ አንዲት ሴት መጣች። ጎረቤቷ የእርሻዋን ድንበር ገፍቶ፣ ክርክሩም ለእሱ ተፈርዶለት ነበር። የይግባኝ ማመልከቻዋ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። ማስገቢያ ጊዜው ግን የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ካለፈ ጎረቤቷ የእሷን ሰሊጥ አጭዶ ይወስዳል።

«ማጭዱን ስሎ ነው የሚጠብቀው» አለችኝ። ተራዋ አንደኛ ስለነበር አስገባኋት።

የልጅ ልጄ ላፕቶፕ ቀጭን ነው፤ የፕሪንተሩን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ስለዚህ ዶኪንግ የምትለው ጥቁር ሳጥን አለ። ትልቁም ስክሪን፣ ፕሪንተሩም፣ ሁሉም እሱ ላይ ይሰካሉ፤ ከሳጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ነው። ያን ጠዋት ትልቁ ስክሪን ጨለማ ሆነ፣ ፕሪንተሩም ዝም አለ።

«አጥፍቼ ላብራው» አለች። አጠፋች፣ አበራች። ላፕቶፑ ሲነሳ ታዲያ የማላውቃቸው መስኮቶች ተራ በተራ ብቅ ይሉ ጀመር። አንዱ ፊልም ማጫወቻ፣ አንዱ የድሮ ጨዋታ፣ አንዱ ከዓመት በፊት የሸጠችው ፕሪንተር ፕሮግራም።

«እነዚህን ማን ጠራቸው?» አልኳት።

«ማንም አልጠራቸውም እምዬ፤ ሲበራ ራሳቸው ይነሳሉ።»

«የሽንፋዋ ሴት ከንጋት ጀምሮ ቆማ ጨዋታው ይቀድማታል? አስወጪልኝ!»

ሳቀች፤ ግን እውነት መሆኑ ገባት። ሲበራ አብረው የሚነሱት የተዘረዘሩበትን ቦታ ከፍታ የማያስፈልጉትን አንድ በአንድ ዘጋቻቸው። እንደገና ስታበራው ቶሎ ተነሳ። እኔም የሕዝቡን ፊት ዞሬ አየሁ፤ ኮራ ብዬ ነበር። ትልቁ ስክሪን ግን አሁንም ጨለማ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆነ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ደጋግማ ታጣፋለች።

በዚህ መሃል ላፕቶፑ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ልጅቱ ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ሳጥኑ መብራት ካገኘ እኮ ላፕቶፑንም ቻርጅ ያደርጋል። ታዲያ ባትሪው ለምን ይወርዳል?»

ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለች። እኔ ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ በሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጨዳ ሰሞን ሠራተኞች ከእርሻ ሲወጡ ስልካቸው ጠፍቶ ነው የሚመጡት። እኛ ሱቅ በነፃ ቻርጅ ያደርጋሉ፤ ተራውን የምይዝላቸውም እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ጢሙ የጎፈረ አንድ ጎጃሜ «እማማ፣ እናቴ ድምፄን ከሰማች ሦስት ሳምንት ሆናት» አለኝ። የመብራት ማከፋፈያው ሞልቷል። አየሁ፤ አንድ ወፍራም ሶኬት ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ባትሪ አለው፣ የሰውዬው ስልክ ግን ሞቷል። ያለው ለሌለው ይልቀቅ ብዬ ነቀልኩና የእሱን ሰካሁለት።

«የሳጥኑን ሶኬት ማን ነው የነቀለው?» ድምፅዋ ከጠረጴዛው ሥር መጣ።

ሠራተኛው አንገቱን ደፋ፤ ጥፋቱን ሊሸከምልኝ ነው። ይህማ አይሆንም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እምዬ! ሌላውን ሁሉ ስትቆጪ!»

«ተቆጪኝ፤ ግን መጀመሪያ አትሚ።»

ከወረፋው አንዱ «እማማን ከወረፋው መጨረሻ እናቁማቸው» አለ፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው። ሄጄ መጨረሻ ቆምኩ። ፍርዱ ትክክል ነዋ።

ሠራተኛው ስልኩን ራሱ ነቀለ። ልጅቱ ሁሉንም ከሳጥኑ ነቅላ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ መጀመሪያ መብራቱን፣ ቀጥላ ላፕቶፑን፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ በመጨረሻም ፕሪንተሩን ሰካች። ስክሪኑ ቦግ አለ። ፕሪንተሩ አጉረመረመና ሁለት ገጽ ወረቀት ተፋ። ሴትዮዋ ፊርማዋን አኑራ፣ ጫማዋን እየጎተተች መንገዱን ተሻግራ ሮጠች። ልጅቱ ለሠራተኛው የራሷን ስልክ ሰጠችው፤ እሱ ከእናቱ ጋር ጮክ ብሎ ሲያወራ እኛ ዓይናችን ከመሥሪያ ቤቱ በር አልተነቀለም።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ ወጣች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ከሩቅ የማኅተሙ ሰማያዊ ይታያል።

«ማመልከቻዬ ገባልኝ እማማ! ሌላ ኮፒ አንሱልኝ፣ ለጎረቤቴ ላሳየው ነው።»

«ከነማኅተሙ እናነሳልሻለን» አልኳት ከወረፋው ጫፍ። «ግን መጀመሪያ ማጭዱን ያስቀምጥ፣ ከዚያ ስጪው።»