ልጄን ከሰልፍ ለማውጣት ወደ ኮሎምበስ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፓይን ሌክ

አትላንታ አጠገብ ካለው ቤታችን የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። መድረሻችን ኮሎምበስ ናት፤ ከአትላንታ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ጆርጂያና አላባማ በወንዝ የሚለያዩባት ከተማ። ልጄ ሜሮን እዚያ ባለው ትልቅ የጦር ሰፈር ሁለት ወር ተኩል የወታደር ስልጠና ስትወስድ ከርማለች። ዛሬ የቤተሰብ ቀን ነው፤ ነገ ትመረቃለች።

ከመንገዱ በፊት የሆነውን ልናገር። ሜሮን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወታደር ለመሆን መፈረሟን የነገረችን ከፈረመች በኋላ፣ ራት እየበላን ነው። እኔም ማንኪያዬን አስቀምጬ፣ "እኔ ከወታደር ሸሽቼ መጥቼ ነው እዚህ አገር ያሳደግኩሽ። ከዛሬ ጀምሮ የወታደር አባት አይደለሁም" አልኳት። ግትርነቷን ከእኔ ነው የወረሰችው፤ ሳህኗን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። የሄደች ቀን ታክሲዬን ይዤ በጠዋት ወጣሁ እንጂ አልሸኘኋትም። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ለጥቂት ደቂቃ ስትደውል ከእናቷ ከሙሉ ጋር ታወራለች፣ እኔ ሌላ ክፍል ሆኜ ጆሮዬን እጥላለሁ።

ባለፈው እሁድ ግን ሙሉ ሆን ብላ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። በቤተሰብ ቀን አንድ ልማድ አለ አለች ሜሮን። ወታደሮቹ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው መጥቶ ትከሻቸውን መታ መታ እስኪያደርግ አይናገሩም፣ አይስቁም፣ አይንቀሳቀሱም።

"እማ፣ ፕሊስ፣ አንቺ እንዳትነኪኝ። ጋሼም እንዳይነኩኝ። አባቢ ራሱ ይምጣ። ካልመጣ እዛው እቆማለሁ፣ አይ ዶንት ኬር።"

ሙሉ ስልኩን ዘግታ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። "ሰምተሃል" አለችኝ። ሰምቻለሁ።

እንግዲህ እኔ እነዳለሁ፤ ሙሉ ከኋላ በፎይል የተጠቀለለ ቋንጣ ፍርፍርና አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ ታቅፋ ተቀምጣለች። ከጎኔ ሜሮን ጋሼ የምትላቸው የሙሉ ታላቅ ወንድም ጋሽ በላይ አሉ። ጋሽ በላይ በወጣትነታቸው አገር ቤት ወታደር ነበሩ። በስደት መጥተው እዚሁ አትላንታ ዙሪያ፣ ዱሉዝ ውስጥ መጋዘን ሲሠሩ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ትናንት እኛ ጋ ያደሩት ለዚህ ጉዞ ነው። ሱፍ ለብሰው ከረባት አስረዋል፤ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ሲወለውሉት አይቻለሁ።

ሰማንያ አምስት ቁጥር መንገድ

የከተማውን ዙሪያ መንገድ ይዘን በአየር ማረፊያው በኩል አለፍን። የታክሲ ማቆያው እዚያ ነው፤ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ተራ እስኪደርሰን ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር ካርታ እንጫወታለን፣ ፕሬዚዳንቶችን እንፈትናለን። ፈተናው የጀመረው በቀልድ ነው፤ አንድ ፕሬዚዳንት ስለ ውጭ አገር ጉዳይ የተናገረውንና ያደረገውን እያነሳን ከመቶ ማርክ እንሰጣለን። እኔ ብዙ ጋዜጣ ስለማነብ "አራሚው" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሳልደብቅ ለመናገር፣ ስሙን እወደዋለሁ።

ጋሽ በላይም ይህን ስለሚያውቁ ማቆያውን እንዳለፍን ጀመሩኝ።

"ለአሁኑ ስንት ሰጠኸው?"

"ገና ነው፤ ወረቀቱን አልሰበሰብኩም።"

"አንተ ሁልጊዜ ለለዘብተኞቹ ታደላለህ። እይ ታዴ፣ አሜሪካ የምትከበረው ስለምትፈራ ነው። መርከቦቿ ባሕር ላይ ባይኖሩ የስንቱ አገር ስንዴ በየወደቡ በቀረ ነበር።"

"የስንዴውን ነገርማ ለእኔ ይተዉልኝ" አልኳቸው። ኬንያ፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ስምንት ዓመት የኖርኩት ባንዲራዋ ከታተመበት ከረጢት በወጣ ዱቄት ነው። ከረጢቱ ሲያልቅ እንተኛበት ነበር፣ ከዘይት ቆርቆሮው በር ሠርተንበታል። "ያንን የላከ ፕሬዚዳንት ከእኔ ዘጠና አምስት አለው። አንዲት ጥይት ሳይተኩስ የዕድሜ ልክ ወዳጅ አድርጎኛል። ዱቄቱን የሚያስቀር ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይወድቃል።"

"ጥይት የያዘ ሰው ከኋላ ባይቆም ዱቄቱ አንተ ጋ አይደርስም ነበር።"

ይህችን ተቀበልኳቸው፤ ካምፑ ውስጥ የእህል መኪና የሚመጣው በወታደር ታጅቦ እንደነበር ትዝ ስላለኝ ነው። ከዚያ ወደሚያስማማን ዞርን። ከሩቅ አገር ጦርነት ተቻኩለው ሲወጡ አስተርጓሚዎቻቸውን በየቤቱ ጥለው ለሄዱት ሠላሳ መስጠቴን ነገርኳቸው። "ሠላሳም በዛ" አሉ ጋሽ በላይ፣ መስኮቱን እያዩ።

ይሄኔ ሙሉ ከኋላ ተናገረች። "ስትፈትኑ አንድም ቀን ልጅ ያላችሁ አትመስሉም። አሁን የሚልኩት የእኔን ልጅ ነው።"

 ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጥድ ብቻ ነው፤ ጭጋጉ በዛፎቹ መሃል ተኝቷል።

እኔ ስለ አባቴ አስብ ነበር። አያሌው ይባላል፤ ወታደር ነበር። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለ፣ አስከሬን የለ፣ መርዶ ነጋሪ የለ። ሞቷል ያላት ስለሌለ እናቴ ለቅሶ ሳትቀመጥ፣ አለ ያላት ስለሌለም ሳታርፍ ኖራ ሞተች። እኔ ጎረምሳ ስሆን ሠፈራችን ውስጥ አፈሳ ተጀመረ፤ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ሜሮንን በዚያች ምሽት እንደዚያ የተናገርኳት ይህን በሆዴ ይዤ ነው። እሷ ግን ይህን ታሪክ አታውቀውም፤ ነግሬያት አላውቅም።

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ላግራንጅ አጠገብ

ነዳጅ ለመቅዳት ወጣን፤ ጋሎኑ ሦስት ዶላር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም የቀረው ነበር። ከማደያው ጥግ አንድ ነጭ ሽማግሌ በትልቅ ድስት ቅቅል ኦቾሎኒ ይሸጣል፤ አንዱ ከረጢት ስድስት ዶላር ነው። የጋሽ በላይን ከረባት አየና፣ "ወደ ኮሎምበስ ናችሁ መሰለኝ። በዚህ ሰዓት ዘንጦ የሚያልፍ ሁሉ ወደዚያ ነው" አለኝ።

"ለዘመድ ምርቃት ነው" አልኩት።

ሙሉ ከመኪናው ወርዳ ነበር። "ልጃችን ናት" አለች፣ እኔን ሳታይ።

ሰውየው ወደ እሷ ዞረ። ወንድ ልጁን ከዓመታት በፊት እዚያው ሜዳ ላይ ትከሻውን ነክቶ ከሰልፍ እንዳወጣው ነገራትና ምክር ሰጣት፦ "አትደናበሩ። ጸጉራቸው፣ ልብሳቸው፣ አቋማቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ፊት አትፈልጉ፤ ደረታቸው ላይ ያለውን ስም አንብቡ።" ከረጢቱ ላይ አንድ ጭልፋ ጨመረልን። ለእኔ ከሂሳብ በቀር ምንም አላለኝም። አልፈረድኩበትም።

ሦስት ሰዓት፣ ሜዳው

በሩ ላይ መታወቂያችንን አዩ፣ የመኪናውን ኋላ አስከፈቱ፤ ፍርፍሩን ያሸተተው ጠባቂ ፈገግ ብሎ አሳለፈን። የተመልካች መቀመጫው ሞልቶ ነበር። ከየግዛቱ የመጣ ሰው ነው፤ የልጁን ፎቶ ቲሸርት ላይ ያሳተመ፣ ፊኛ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ። ከፊታችን ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ጫካ አለ።

ሙዚቃው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ከጫካው ጠርዝ አረንጓዴ ጭስ ተነሣ፣ ከጭሱ ውስጥ ወታደሮች በረድፍ ወጡ። ወደድኩም ጠላሁም ልቤ ከፍ አለ፤ እዋሻችኋለሁ እንዴ? አንድም እግር አልተሳሳተም። መጥተው ከፊታችን ተሰለፉና ቀጥ አሉ። አንድ አዛዥ አጭር ንግግር አድርጎ፣ "ቤተሰቦች፣ ወታደሮቻችሁን ውሰዱ" አለ።

ሰዉ እየጮኸ ወረደ። ሙሉ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ፣ "ሂድ" አለችኝ።

ወረድኩ። ሽማግሌው እውነቱን ነው፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። በሜሮን ቁመት፣ በሜሮን መልክ ያለች አንዲት ልጅ አግኝቼ እጄን ልዘረጋ ስል ደረቷን አነበብኩ፤ የሌላ ሰው ልጅ ናት። ይቅርታ ብያት አለፍኩ። ሁለተኛውን ረድፍ ጨረስኩ። ዙሪያዬን ሰው ይተቃቀፋል፣ የቆሙት እየቀነሱ ሄዱ። ሦስተኛው ረድፍ መሃል ላይ ስደርስ ዓይኔ አንድ ስም ላይ ተተከለ።

አያሌው ይላል።

ይህን ስም ሃያ ዓመት ሙሉ ስገፋው ኖሬያለሁ። የዚህ አገር ወረቀት የአባቴን ስም የቤተሰባችን ስም ስላደረገው ባንክ ሄጄ "ሚስተር አያሌው" ሲሉኝ፣ "እሱ አባቴ ነው፤ እኔ ታደሰ ነኝ" እላለሁ። ሜሮንም ቤተ ክርስቲያን ሜሮን ታደሰ ናት። እዚህ ግን የአባቴ ስም በወታደር ደረት ላይ፣ በጥቁር ክር ተጠልፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እናቴ ይህን ሳታይ መሞቷ አንገበገበኝ።

ቀና ስል ልጄ ናት። ከስታለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል። ዓይኗ ከእኔ በላይ አሻግሮ ያያል። የተነገረኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እጄ እንደለመደው ራሷ ላይ ሄደና መመረቅ ጀመርኩ።

"ሄዶ መመለስ ይስጥሽ። ክፉ አይይሽ። ከጓደኞችሽ አይለይሽ። የላከሽ አይርሳሽ..."

ኮፍያዋ እየተንሸራተተ አፍንጫዋ ላይ ደረሰ። አልተንቀሳቀሰችም። ከኮፍያው ሥር ከንፈሯ ብቻ ተላወሰ።

"አባቢ። ሾልደር።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አልኳት።

ጨረስኩና ኮፍያዋን አስተካክዬ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ አደረግኩ። ያ ሁሉ ጥንካሬ በአንድ ጊዜ ተለቀቀና አንገቴ ላይ ወደቀች። ሕፃን ሳለች ታለቅስ እንደነበረው ነው ያለቀሰችው።

"ሁሉም ሄደው ላስት ነበርኩ እኮ፣ ኦልሞስት" አለች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ "የወታደር አባት አይደለሁም ብለኸኝ ነበር።"

"ዋሽቼ ነው።"

ሙሉ መጥታ ከሁለታችን መሃል ገባች። ጋሽ በላይ ግን ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ተረከዛቸውን አጋጠሙ፣ በቀድሞው ሠራዊት ደንብ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ሜሮንም ወዲያው ቀጥ ብላ መለሰችላቸው። እጃቸውን አውርደው ወደ እኔ ዞሩ።

"እኛን መጥቶ የነካን ሰው የለም" አሉኝ ቀስ ብለው። "ትጥቅ ፍቱ ተባለ፤ በየፊናችን ሄድን። አንዳንዱ እስካሁንም እዚያው የቆመ ይመስለኛል።"

በዚያ ቀን ምሳ የበላነው ሣር ላይ ተቀምጠን ነው። ሜሮን ፍርፍሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እኔም ስለ አያቷ ነገርኳት፤ ስሙን፣ የዘመተበትን፣ ያልተመለሰበትን። ስታዳምጥ ቆይታ ደረቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ ዳሰሰችና፣ "ሶ፣ የእሱ ነው የለበስኩት" አለች። ቀጥላ የምትሄደው ወደ ሕክምና ረዳትነት ስልጠና ነው። የቆሰለውን ጎትታ የምታመጣው እሷ መሆኗ ነው። ይህንንም ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ እስከዚያ መቼ ጠየቅኳት?

አርብ ከሰዓት፣ መልስ

ኮሎምበስ አድረን የተገኘንበት ምርቃት ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም። ሰልፉ ሲያልፍ ጎኔ ለተቀመጡት የማላውቃቸው ሰዎች በጣቴ እያሳየሁ፣ "ያቺ የእኔ ናት" ስል ሙሉ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ስንመለስ ያው ማደያ ጋ ቆምኩ። ነዳጅ አያስፈልገንም ነበር። ሽማግሌው ድስቱን ሲያማስል አገኘሁትና ሁለት ከረጢት ኦቾሎኒ አዘዝኩ። "እንዴት ነበር የዘመድህ ምርቃት?" አለኝ።

"የወታደር አባት ነኝ" አልኩት።

እጁን በመደረቢያው ጠርጎ ጨበጠኝ።

ቅዳሜ፣ ታክሲ ማቆያው

አርብ ቤት የገባነው ጀምበር ሳትጠልቅ ነው፤ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ማታውን ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ወጥቶ ወደ ውጭ ተጨማሪ ጦር ስለመላክ ተናግሮ ኖሮ ሾፌሮቹ ካርታቸውን ትተው ይጠብቁኝ ነበር። "አራሚው መጣ። ስንት እንስጠው?"

በዚህች አገር እኮራለሁ፤ ከረጢቷን ተኝቼበታለሁ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ልብሷን ለብሳለች። ጋሽ በላይም ልክ ነበሩ፣ እኔም ልክ ነበርኩ፤ ዱቄቱም ጠባቂውም ያስፈልጋል። ያጠፋሁት ማርኩን ስሰጥ ነው፤ ሁልጊዜ የምሰጠው ገና ወታደር ሲልኩ ነበር።

"የላካቸውን ሁሉ እየዞረ ትከሻቸውን ነክቶ ወደ ቤት እስኪያመጣ ድረስ ወረቀቱ አይታረምም" አልኳቸው።

ተሳሳቁብኝ። አንዱ ካርታውን እየበወዘ፣ "ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ጥብቅ የሆንከው?" አለኝ።

"ከሐሙስ ወዲህ" አልኩት።