የመጨረሻዋ ጠርሙስና የአምቦው ገለባ

ሰኞ ማለዳ፣ አውቶቡስ ተራ

ከሻንጣዬ ይልቅ የተጠነቀቅኩት በረዶ ለታጨቀበት ቴርሞስ ነበር። በውስጡ የቀረችን የመጨረሻዋ የኢንዛይም ጠርሙስ አለች፤ ገለባን ሰባብሮ ስኳር የሚያደርግ፣ ከውጭ የመጣ ፈሳሽ። ነዳጅ በኩፖን በሆነበት በዚህ ጊዜ ከጤፍ ገለባ ስኳር፣ ከስኳሩም የመኪና አልኮል እናወጣለን ብለን ሁለት ዓመት ለፍተናል። ገለባውን ስናቀጥነው የሚወጣው ስኳር ውሃ ውሃ ይላል። ስናወፍረው ደግሞ እንደ ገንፎ ይቆምና ማማሰያውን ይይዘዋል። አለቃዬ በመጨረሻ፣ «አምቦ ባለው ላቦራቶሪ ትልቅ በርሜል አለ። እዚያም ካልሆነ ሥራው ይዘጋል» አሉኝ። ቢዘጋ ጀርባዬ ያርፍ ነበር፤ የሁለት ዓመት ልፋቴ ግን አንጀቴን በላው።

ሆለታ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጊንጪ ስንደርስ ቀትር አልፏል፤ በሃምሳ ሳንቲም ዳቦ ገዝቼ በሻይ አወራረድኩ። የደንዲ ወረዳ ስንዴ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ እኔ ግን በረዶው ቀለጠ አልቀለጠ እያልኩ ቴርሞሱን እነቀንቃለሁ።

ማክሰኞ፣ አምቦ

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ኦቦ ገመቹ ገለባውን ቀቅለው፣ ፈጭተው ጠበቁኝ። ለመገላገል ቸኩዬ ሁሉንም ባንዴ በርሜሉ ውስጥ አስገለበጥኩና ግማሽ ጠርሙስ አፈሰስኩበት። ቀኑን ሙሉ በረጅም እንጨት እየተፈራረቅን አማሰልን። አመሻሽ ላይ እንጨቱ መሐል ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አቦ፣ ይሄ ለቤት ምርጊት ይሆናል» አሉ ኦቦ ገመቹ። ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

ረቡዕ ጠዋት

ያረፍኩት በኦቦ ገመቹ ጎረቤት በአዴ አያንቱ ቤት ነው። ካቲካላ እያወጡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? ፊትህ ምነው መርዶ የሰማ መሰለ?»

ድፍድፍ እየጣሉ ነበር። ብቅሉና ጌሾው በእንስራ ተበጥብጧል፤ ቂጣው ተቆራርሶ በሰፌድ ተቀምጧል። ጥቂት ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ።

«ለምን ሁሉንም ባንዴ አይጨምሩትም?» አልኳቸው።

«ውሃውን ጠጥቶ ይደርቃላ! ብቅሉ በየት ይግባ? ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ እያልክ ነው። የመጀመሪያው ሲቀጥን ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል።»

ቁርሴን ትቼ ወጣሁ። ከኦቦ ገመቹ ጋር በርሜሉን ጠርገን ሞቅ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ገለባና የቀረችውን ግማሽ ጠርሙስ አደረግንበት። ሲቀጥን አንድ ሰፌድ እንጨምራለን፤ እንጠብቃለን፤ ደግሞ እንጨምራለን። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማክሰኞውን ያህል ገለባ ገብቶ እንጨቱ እንደ ልቡ ይዞር ነበር። አጥልለን ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር ስናፈላው የሸክላ ቀለም አወጣ። ስኳር ነው። ኦቦ ገመቹ ጮኹ፤ እኔ በርሜሉን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ስሰናበታቸው አዴ አያንቱ እጄን አልለቅ አሉ። «ቀበሌ ካቲካላ ክልክል ነው ብሎ ማውጫ ማሰሮዬን ሊወስድ ነው። ለአለቆችህ ስሜን ንገርልኝ። ለመንግሥት ሥራ ጠቀመች በል።»

«እነግራለሁ» አልኳቸው።

ዓርብ፣ መመለሻ

ጊንጪ ኬላ ላይ ፈታሹ ከበርሜሉ ለናሙና የቀዳሁትን የሽሮፕ ጠርሙስ ከሻንጣዬ አወጣ። «አረቄ ነው?»

«የገለባ ስኳር ነው።»

«ትቀልዳለህ?» ብሎ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ደግሞ ነከረ።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

አለቃዬ ሪፖርቱን አንብበው ሌላ ኢንዛይም ታዝዞ ሥራው እንደሚቀጥል ነገሩኝ። ከዚያ «ዘዴው ከአምቦዋ ካቲካላ አውጪ ከወይዘሮ አያንቱ የተገኘ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አነሱ። «ይሄ ለበላይ አካል አይቀርብም» ብለው ሰረዙት፤ «በተደረገው ጥናት» ብለው ተኩት። ልከራከር አሰብኩ፤ ድካሙ አሸነፈኝና ዝም አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ይህን እጽፋለሁ። ገለባ እንኳ ጊዜ ሲሰጡት እንደሚለዝብ ተምሬ መጣሁ፤ ከበርሜሉ በላይ ያደከመኝ ግን ያ ዝምታዬ ነው። ደግነቱ ሪፖርቱን የተየብኩት በካርቦን ወረቀት በሁለት ቅጂ ነበር። የአዴ አያንቱ ስም ያልተሰረዘበት፣ ፊርማዬ ያረፈበት ቅጂ እጄ ላይ ነው። ሰኞ ለቀበሌያቸው በፖስታ እልከዋለሁ።