ጾም የመሰለን ነገር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ድረስ አምጥታ «ማሚ፣ ይሄን እዪልኝ» አለችኝ። አንዲት ቀጭን ሴት በሚያብረቀርቅ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ አዩርቬዳ የሚባለውን የሕንዶች የጥንት ሕክምና እየጠቀሰች በሰመር ማብቂያ ምን መብላት እንደሚገባ ትናገራለች። ኪያር ብሉ፣ ማሾ ብሉ፣ ኮኮናትና ድንብላል ቅጠል ብሉ፤ በርበሬና የቦካ ነገር ተዉ። ልጄ «ሱፐር ሄልዚ ነው፣ ትሠሪልኛለሽ?» አለች። እሺ ብያት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ካልጋሪ አጠገብ ያለችውን ከተማችንን ቸስተርሚርን የደን ቃጠሎ ጭስ ሸፍኗት ሐይቁ እንኳ አይታይም። ሴትዮዋ የምትለውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። የተማርኩት ግን ለጤና ብዬ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ታላቅ እህቴ አስቴርና ባሏ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር በተከራዩት ቤት ሳሎኑ ላይ እተኛለሁ። እቴቴ ነበር የምላት፤ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ትልቅ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ፣ እቴቴ ልትወልድ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ወንድ ነበር።

የእኛን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ። ለቅሶ መድረስ ያውቅበታል፤ ድስቱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ላልተጠመቀ ሕፃን ግን ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፣ ለቅሶም የለ። የመጡትም ጥቂት ቆመው «አይዞሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ብለዋት ሄዱ። ባሏም ሳምንት ሳይሞላው ወደ ሎዱ፣ ወደ ጭነት ሥራው ተመለሰ። ያ «ሌላ» የሚሉት ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ነሐሴ መጣና ፍልሰታ ገባ። እቴቴ ዘንድሮ አጥብቄ ነው የምጾመው አለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከስታ ያዩዋት ሴቶች መጾም እንዲህ ነው እንጂ እያሉ ያደንቋታል። እኔም ኮራሁባት። በፍልሰታ ያልከሳ ማን አለ?

ጎረቤታችን እትዬ ሱሺላ ከጉጃራት የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ነበሩ። እትዬ ያልናቸው እኛ ነን፤ ትርጉሙን ስንነግራቸው ደስ አላቸው። እሳቸው የሚበሉት እንደ ወቅቱ ነው። ሰመሩን ሙሉ ሙቀት ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል ይላሉ፤ ስለዚህ በማብቂያው ላይ የሚያቃጥለውንና የሚጎመዝዘውን ትተው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን ኪያርና ዙኪኒ፣ ማሾውን፣ ኮኮናቱን ይበላሉ። ከምግብ በኋላ የእንስላል ፍሬ ያኝካሉ። እኛ የምንጾምበት ሽሮና ምስር በበርበሬ፣ ከቦካው እንጀራ ጋር፣ የእሳቸውን ክልክል አንድም ሳያስቀር ይዟል። እንስቅባቸው ነበር። ኋላ ሳስበው ግን አገር ቤት ነሐሴ ዝናብና ብርድ ነው፤ የሚያቃጥል ወጥ ያምራል። እኛ የነሐሴን ምግብ ይዘን መጥተን ዝናቡን እዚያው ትተነዋል። የካልጋሪ ነሐሴ እንደሆነ ሣሩን አድርቆ እግር ሥር ያንኮሻኩሸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በአጥሩ ላይ ኪያር እያቀበሉኝ፣ እህትሽ ዛሬ ምን በላች ብለው ጠየቁኝ። የእመቤታችን ጾም መሆኑን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳኋቸው። ወደ እቴቴ ተመለከቱ። ጓሮው ደረጃ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔም እጾማለሁ» አሉኝ። «የሚጾም ሰው ሰዓቱን ይጠብቃል። እህትሽ ግን ምንም አትጠብቅም።»

ተናደድኩ። በሃይማኖታችን ምን አገባቸው እያልኩ ኪያሩን ይዤ ገባሁ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምግቧን አቀረብኩላት፤ እንደ ልማዷ ሰሃኗን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆኜ አየኋት። እንጀራውን እየቆረሰች፣ እዚህ አገር ለሞሉት፣ ጭራቸው ለረዘመው ጥቁርና ነጭ ወፎች ትወረውርላቸዋለች። ወፎቹ ሰዓቱን አውቀው ቀድመው መጥተዋል። እሷ አንዲት ጉርሻ አፏ አላደረሰችም። እህቴ እየሞተች ነበር፤ እኛ ደግሞ ጎበዝ እንላታለን።

ሮጬ ወደ እትዬ ሱሺላ ሄድኩ። ማሾና ሩዝ አንድ ላይ ቀቅለው፣ ከሙንና ድንብላል ቅጠል ጨምረው ይዘው መጡ። እቴቴ አሸተተችና ቅቤ አለበት ብላ ፊቷን አዞረች። አልተከራከሯትም። ተመልሰው በቅቤው ፈንታ ኮኮናት አድርገው እንደገና ሠሩ። ከዚያ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀምጠው መጀመሪያ እሳቸው ጎረሱ፤ ለእኔም ሰጡኝ። ቀጥለው የልጁን ስም ጠየቋት። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

«ሳይጠመቅ ምን ስም አለው» አለች እቴቴ።

«ሆድሽ ውስጥ እያለስ ምን ትዪው ነበር?»

እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ጎረምሳው» አለች። «ሲራገጥ፣ ጎረምሳው ተነሣ እል ነበር።»

ያኔ አለቀሰች። ከሰኔ ጀምሮ የያዘችውን፣ ደረቷን እየመታች፣ እንደ አገራችን ወግ አለቀሰች። እኔም ጎረምሳው፣ ጎረምሳው እያልኩ አብሬያት አለቀስኩ። ለዚያ ልጅ ለቅሶ የደረስነው ያን ቀን ነው። ሲወጣላት ሦስት ማንኪያ በላች፤ ወዲያው አስመለሳት። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ደህና ሆነ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ውርጩ መጥቶ የእትዬ ሱሺላን ኪያር ባንድ ሌሊት ሲያጠቁረው፣ እቴቴ ከሐኪም ቤት ወጥታ ግማሽ ሰሃን መጨረስ ችላ ነበር። ሌላ ልጅ ግን አልተሰጣትም። ባሏ ቫንኩቨር ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ። እትዬ ሱሺላም ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። የእቴቴ ሕመም ግን ነሐሴን እየጠበቀ ይመጣባታል፤ አብሯት የሚበላ ሰው ከሌለ እህል አትቀምስም።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ፍልሰታን ጾሜ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሂጂ አብያት አሉኝ። ለልጄም የጠየቀችኝን እሠራላታለሁ፤ እሷ ለጤናዋ ትብላው።

ዛሬ ከሺፍት ወጥቼ ፔንብሩክ ሄድኩና የእቴቴ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ማሾውን አሙቄ ኪያሩን ከተፍኩ። ገና ስድስት ሰዓት ነው፤ ሰው ሁሉ ጾም ላይ ነው። ፀጉሯ አሁን ነጭ ሆኗል።

«አንቺ እንኳ ጹሚ እንጂ» አለችኝ፣ በየዓመቱ እንደምትለው።

ቀድሜ ጎረስኩና እጇን እያየሁ ጠበቅኩ።