እትዬ ሞሚና ያስተከለችው ድንኳን

እትዬ ሞሚና ከወሎ ወደ ቃሊቲ የመጣችው የጭነት መኪና ሾፌር ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ሲሞት አገሯ አልተመለሰችም። ከእህል መጋዘኑ በር ፊት ለፊት ሻይና ብስኩት እየሸጠች ታናሽ ወንድሟን መንሱርን አሳደገች። የሴቶች ማኅበር በየቀበሌው ሲቋቋም የእኛ ቀበሌ ተጠሪ እሷ ሆነች።

በሰባ አራት ክረምት የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች በመጫኛ ተራ ምክንያት ተጣሉ፤ የወሎ ልጆች በአንድ ወገን፣ የስልጤ ልጆች በሌላ ወገን። እዚያው ጫኝ የነበረው መንሱር በጠቡ መሀል ከስልጤ ልጆች አንዱን፣ ረሻድን፣ በዱላ ፈነከተው። ረሻድ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶ አክስቱ ሐጀራ ቤት ተኛ። ጓደኞቹ ግን መንሱርን ሳይሰብሩ እንደማይተዉት ዛቱ። አብዮት ጥበቃ ቢይዘውም ያው ነው። በዚያ ዘመን በዱላ ጠብ የገባ ሰው በምን ስም ተከሶ እንደሚቀር አይታወቅም ነበር።

እትዬ ሞሚና ወንድሟን ጓዳ ቆልፋበት ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ወልደገብርኤል ጥበቃዎቹን እያሰለፈ ነበር።

"ጓድ፣ ጠመንጃውን ይተዉትና ሰዎቹን ይሰብስቡልኝ። ጥበቃ በር ላይ ዱላ ይቀበል፤ እድሩ ያስታርቅ። እኛ እናቶቻቸውን እናመጣለን።"

"የት ልሰብስብልሽ? አዳራሹን የቀበሌው ሱቅ ስንዴ ሞልቶታል። ውጭው ዝናብ ነው።"

"የእድሩ ድንኳንስ?"

እዚያው የነበረው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ለሜሳ ራሱን አከከ። "ድንኳኑ ለስብሰባ ተተክሎ አያውቅም፣ ልጄ። ለሬሳ ነው።"

"ታዲያ ሬሳ እስኪገኝ እንጠብቅ ጋሼ?"

ተተከለ። በእኛ ሰፈር ያ ድንኳን ከታየ ማንም ምክንያት እንደማይጠይቅ ሦስቱም አላሰቡም። ጥሩምባ እንኳ ሳይነፋ "ረሻድ ሞተ!" የሚለው ወሬ ከመጋዘኑ እስከ ወንዙ ደረሰ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። የረሻድ ጓደኞች ዱላ ይዘው መጡ። መንሱርም የጓዳውን መስኮት ሰብሮ "ገደልኩት!" እያለ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ወደቀ።

ሴቶቹ መንሱርን ከበው ተቀመጡ። ጋሽ ለሜሳና ሽማግሌዎቹ ከፊታቸው ቆሙ። ጥበቃዎቹ መግቢያውን በክንዳቸው ዘጉ፤ ጠመንጃው ቀበሌ ቀርቷል። እትዬ ሞሚና ግን አልተቀመጠችም፤ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ሐጀራ ቤት ሮጠች።

ስትመለስ ረሻድ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ላስቲክ ተከናንቦ ትከሻዋን ተደግፏል። ሐጀራ ከኋላ እየተራገመች ትከተላለች። ረሻድ ሕዝቡን አየና ደነገጠ።

"ማነው የሞተው?"

"አንተ" አለው አንዱ ጓደኛው፣ ዱላውን ወደ ኋላው እየደበቀ።

"ታዲያ እኔ ሳልመጣ ማን ጀምሩ አላችሁ?"

አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። መንሱር እየተንፏቀቀ የረሻድን ጉልበት ያዘ።

"ተነስ ባክህ! ይሄን እንባ ትናንት ብታወጣው ኖሮ ራሴ አይሰፋም ነበር።"

ከዚያ በኋላ እርቁ ቀላል ሆነ። ረሻድ እስኪድን በእሱ ተራ መንሱር ሊጭንለት ተስማማ። ጠዋት ጠዋት ተራውን ከእድሩ አንድ ሽማግሌ፣ ከጥበቃ አንድ ሰው፣ ከሴቶች ማኅበር አንዲት እናት አብረው ቆመው እንዲጠሩ ተወሰነ። እስከማስታውሰው ድረስ በዚያ በር ላይ ዳግመኛ ደም አልፈሰሰም። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ያን ቀን መንሱር በረሻድ ጓደኞች መሀል እያወራ ወደ ቤቱ ሄደ። እትዬ ሞሚና ከሐጀራ ጋር ከኋላ ቀረች።

"ዝናቡ መጣ፤ ፍጠኚ እንጂ!" አለቻት ሐጀራ።

"ዛሬማ ምን ያስቸኩለኛል?" አለች፣ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን እያራገፈች።